ዲልብን የወጣው ባለ በር ቱርቦ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት መውጫ ላይ፣ የማንጎና የብርቱካን ደላሎች የሚሰባሰቡበትን ጥላ አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ አለ። ሰሌዳ የለውም። ሰዉ «ሙሐመድዘይን ዘንድ» ይለዋል፤ ይበቃል። ባለቤቱ ሙሐመድዘይን ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጠን ያለ፣ በሞተር ጩኸት መካከል እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። አንድ የታወቀ ደንብ አለው፤ የጠገነውን መኪና ጋቢና ገብቶ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ መንገድ ሳይወጣ አያስረክብም።

«ሐኪም እንኳ ያከመውን በሽተኛ ቤቱ ድረስ አይሸኝም» እያሉ ሾፌሮች ይቀልዱበታል።

«ሐኪም ተምሮ ነው» ይላል እሱ። «እኔ ስላልተማርኩ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

አልተማርኩም የሚለው ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቋረጠ ነው። አባቱ ግራና አጠገብ ሽንኩርት ያለሙ ነበር። ውሃ የሚስቡት በአንዲት አሮጌ የናፍታ ፓምፕ ሲሆን፣ ፓምፗ በተበላሸች ቁጥር መካኒክ ከደሴ እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይደርቃል። አንድ ዓመት መካኒኩ ጭራሽ ቀረ። ሙሐመድዘይን ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር፤ ጆንያ አንጥፎ ፓምፗን ፈታታት። የፈታውን ሁሉ በፈታበት ተራ ጆንያው ላይ ደረደረ፣ ያገኘውን ቆሻሻ ጠረገ፣ ከዚያ ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፊት እየመለሰ ገጠማት። ተነሣች። ሁለት ቡሎን ተርፎት ነበር፤ የት እንደሚገቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ፓምፗ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠራች። አባቱ በዚያ ቀን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ የእጁን ሙያ ከዚያ ዱዓ እንጂ ከራሱ ብልሃት ቆጥሮት አያውቅም።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራው ፓምፕ ነበር። ከግራና እስከ መርሳ ወንዝ ዳር ድረስ የሱ እጅ ያልነካው ፓምፕ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከመኪና ጋር የተዋወቀው ዘግይቶ ነው፤ ያስተማረውም አንድ መጽሐፍ ነው። ደሴ ላይ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው የናፍታ ሞተር ማኑዋል፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። መዝገበ ቃላት ጎኑ አድርጎ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በየቀኑ አንድ ገጽ ብቻ ያነባል፤ ያልገባውን ሳያልፍ። ኅዳጉ ሁሉ በእርሳስ በተጻፈ አማርኛ ተሞልቷል። በጦርነቱ ጊዜ ጋራዡ ተዘርፎ ቁልፉ፣ ክሪኩ፣ የብየዳ ማሽኑ ሁሉ ሲሄድ መጽሐፉ መሬት ላይ ተጥሎ ቀረ። ሰው አዝኖ ሊያጽናናው ሲመጣ ሙሐመድዘይን አቧራውን እያራገፈ ነበር። «የወሰዱት ይተካል» አለ። «ዋናውን አላህ አስቀርቶልኛል።»

ዛሬ መጽሐፉን የሚያነቡት ሁለት ናቸው። ልጁ ለይላ በአውቶ መካኒክ ተመርቃ ወልድያ ውስጥ ሥራ ብታገኝም፣ ከአባቷ ጋር መሥራትን መረጠች። በሂጃቧ ላይ ኮፍያ ደፍታ ከመኪና ሥር ስትገባ መጀመሪያ ላይ መንገደኛው ቆሞ ያይ ነበር። አሁን ሾፌሮቹ ራሳቸው «ለይላ የለችም እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ሙሐመድዘይን ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ሥራውን ይቀጥላል። ፊቱን የሚያይ ሰው ግን ደስታውን አያጣውም።

አምና በመጋቢት አያሌው የሚባል ባለመኪና ወደዚህ ጋራዥ መጣ። አያሌው የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነው፤ ቤቱ ከዲልብ ዳገት በላይ። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር የገዛት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለችው፤ ሾፌሩም እሱ ነው። ቱርቦዋ አርጅቶ ዘይት ይጠጣል፤ ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ስትነዳ እንደ ፉጨት ትጮኻለች። መለወጥ አለበት። ጥያቄው በየትኛው የሚለው ነበር።

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ላይ የተሰኩ ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች ናቸው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንደኛውን ያሽከረክራል፤ ሁለተኛው አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲበዛ ናፍታው በደንብ ይነድዳል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ለአያሌው መኪና የሚሆኑት ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው በር የሌለው ነው። ጭሱ ሁሉ አንዲት እፍታ ሳትቀር በመንኮራኩሩ በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ሞተሩ በሙሉ ዙር ሲሠራ ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ መንኮራኩሩ የተቀመጠበት ቤት ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። ሁለተኛው ባለ በር ነው። ቤቱ ጠበብ ያለ ስለሆነ ጥቂት ጭስም ቶሎ ያስነሣዋል፤ ግፊቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ደግሞ በጎኑ ያለችው ትንሽ በር ትከፈትና ትርፉ ጭስ መንኮራኩሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው ይሄዳል።

ሙሐመድዘይን ብዙም ሳያስብ በር የሌለውን መረጠ። ምክንያት ነበረው። የግራና ገበሬዎች ማኅበር ትልቁ የመስኖ ፓምፕ ላይ ያለው ቱርቦ በር የሌለው ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልታመመም። የሚጣበቅ በር የለው፣ የሚቀደድ ላስቲክ የለው። ወልድያ መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጁ ሂሻምም በስልክ ያንኑ አጸናለት። «ሰው ሁሉ የሚወስደው እሱን ነው» አለው። «ያኛው ቀዳዳ አለው እያሉ ይመልሱብኛል።»

ገጠሙት። እንደ ደንቡ ሙሐመድዘይን ጋቢና ገብቶ ከመርሳ ወልድያ፣ ከወልድያ ሐራ ድረስ ሄዱ። መኪናዋ በሐራ ሜዳ ላይ ሽው አለች፤ ጭስ የለ፣ ፉጨት የለ። አያሌው ፊቱ በራ። ሙሐመድዘይንም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ቁልፉን አስረከበው።

ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ በግንቦት አጋማሽ፣ አያሌው ተመልሶ መጣ።

«ጋሽ ሙሐመድዘይን፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? መኪናዋስ እንዴት ናት?»

«እሷማ ሜዳ ላይ ፈረስ ናት።»

«ዳገት ላይስ?»

አያሌው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ዳገት ላይ ግን እኔን ነው የምትጋልበኝ።»

ለይላ ከመኪና ሥር ሆና ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ አያሌውን አስቀመጠና «ንገረኝ» አለው።

አያሌው ነገረው። ከወልድያ ወጥቶ ሳንቃን እስኪያልፍ ደኅና ነው። የዲልብ ጥምዝምዝ ሲጀምር፣ መታጠፊያው ላይ ዙሯ ሲወርድ፣ መኪናዋ ነፍሷ የወጣ ይመስል ዝም ትላለች። ነዳጅ ሲሰጣት ጥቁር ጭስ እንጂ ጉልበት የለም። ወደ አንደኛ ማርሽ ወርዶ እየተጎተተ ይወጣል፤ ሙቀቱ ይጨምራል። ባለፈው ሳምንት አንዱ መታጠፊያ ላይ ጭራሽ ቆማበት፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ግማሹን ጭነት በሌላ መኪና አስወሰደ።

«ከሲሪንቃ የስንዴ ዘር ጭኜ ለሰፈሬ ገበሬዎች ላደርስ ቃል ገብቻለሁ» አለ አያሌው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «የሚመጣው ሐሙስ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መድረስ አለበት። የገበሬዎቹ ኮሚቴ አሁንም ዳገት ላይ ከቆምክ ሌላ መኪና እንፈልጋለን ብሎኛል። የገዛ ሰፈሬ ሰው ካልጫነኝ ማን ይጭነኛል? እሷን ሸጠን ወንድሞቼም እኔም ወደየቤታችን ነው።»

«ስንት ኩንታል ነው የምትጭን?»

«የሚፈቀደውን ነው። ጨምሬ አላውቅም፤ ቅድስት ማርያም ምስክሬ ናት።»

ሰው ሥራው ሲነቀፍ መጀመሪያ የሚመጣለት መከላከያ ነው፤ ሙሐመድዘይንም ሰው ነው። ጭነትህ በዝቶ ይሆናል፣ አነዳድህ ይሆናል ማለት ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ትዝ አለውና ጆሮው ድረስ ሞቀው። አያሌውን፣ መኪናህ የት ነው የምትሠራው ብሎ ጠይቆት አያውቅም። የሞከራትም እሱ በለመደው ሜዳ ላይ ነው።

ለሂሻም ሲደውልለት ሂሻም መድኃኒቱን ወዲያው አዘዘ። «የናፍታውን ፓምፕ ትንሽ ክፈትለት፣ ያልቃል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«አየር ሳይኖር ናፍታ ብጨምር ጭስና እሳት ነው የምጨምርለት።»

«አንተ ደግሞ ያቺ መጽሐፍህ አበላሽታሃለች። ደኅና ሰው ነበርክ።»

«አብሽር» አለው ሙሐመድዘይን። «መጀመሪያ ዳገቱን ልየው።»

በማግሥቱ ጠዋት ለይላ አንድ ነገር ሠራች። ከጎማ መንፊያው ላይ የግፊት መለኪያውን ፈታች፤ በቀጭን ጎማ ቱቦ ቱርቦው አየር ከሚሰጥበት ቧንቧ ጋር አገናኝታ በጋቢናው መስኮት አስገባችው። መለኪያው በአባቷ ጭን ላይ ሆነ። አያሌው ግማሽ ጭነት ሽንኩርት ጭኖ ሦስቱም ወደ ዲልብ ወጡ።

መንገዱ ቀጥ ባለበት መርፌዋ ቀስ እያለች ትነሣለች። መታጠፊያ ሲመጣ አያሌው ነዳጅ ይለቃል፤ ዙሩ ይወርዳል፤ መርፌዋም ትተኛለች። ከመታጠፊያው ሲወጡ አያሌው እስከ መጨረሻው ቢረግጥም መርፌዋ ለመነሣት ጊዜ ትወስዳለች፤ ልትነሣ ስትል ደግሞ ሌላ መታጠፊያ ይመጣል። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ከኋላቸው ጥቁር ጭሱ ገደሉን ሸፈነው።

«አባ» አለች ለይላ፣ «ቱርቦው አልታመመም እኮ።»

«አዎ፤ አልታመመም» አለ አባቷ። «የታመመው የኔ ምርጫ ነው።»

አሁን ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። የግራና ፓምፕ ጠዋት ተነሥቶ እስከ ማታ በአንድ ዙር ነው የሚሠራ። ዳገት አያውቅ፣ መታጠፊያ አያውቅ፣ ማርሽ አያውቅ። ሰፊ ቤት ያለው ቱርቦ ለእንደዚያ ያለ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ አንዴ ከተነሣ አይወርድምና። የዲልብ መኪና ግን በየመቶ ሜትሩ ትወድቃለች፣ በየመቶ ሜትሩ ትነሣለች። ሃያ ዓመት ፓምፕ የጠገነ ሰው መኪናውንም በፓምፕ ዓይን አይቶት ነበር።

«አያሌው» አለው፣ ወደ ታች ሲመለሱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናዋም ደኅና ናት፣ አንተም ደኅና ነድተሃል። ባለ በሩን ነበር መግጠም የነበረብኝ። እኔ ነኝ የምለውጠው፣ አንተ ምንም አይመለከትህም።»

«ጋሽ ሙሐመድዘይን» አለ አያሌው መሪውን እንደያዘ፣ «በዚህች መኪና ስንት መካኒክ ዘንድ ሄጃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። አንዳንዱማ ጥፋቱን በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ላይ ነው የሚጥለው።»

የሂሻም ሱቅ ከወልድያ መነኻሪያ ብዙ አይርቅም። ሂሻም ሆዱን በመደርደሪያው ላይ አስደግፎ ሲያያቸው «መጣ መጽሐፉ» አለ። ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ። ባለ በሩ ቱርቦ ነው፤ ሁለት ዓመት የሚገዛው አጥቶ የተቀመጠ።

«ልስጥህ እሰጥሃለሁ» አለ ሂሻም። «ግን እንደ ወንድም ልምከርህ። በሩን በይደውና ግጠመው። ሁለት ሰው ከኔ ወስዶ እንደዚያ አድርጓል። ጭሱን ለምን በከንቱ ታፈሳለህ?»

«እነዚያ ሁለት ሰዎች አሁን የት ናቸው?»

ሂሻም ትንሽ አሰበ። «አንዱ የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ተሰንጥቆ… ሌላኛው የክዳኑን ጓርኒሲዮን በላ። ምን እናድርግ፣ ዕድል ነው።»

«ዕድል አይደለም» አለች ለይላ በትሕትና። «ጋሽ ሂሻም፣ የዚህ ቤቱ ጠባብ ነው። ጠባብ የሆነው በሩ ስላለ ነው። በሩን ብንዘጋው ግፊቱ የሚቆምበት የለውም፤ ሞተሩን ነው የሚሰብረው። በር የሌለው የተሠራው ሰፊ ሆኖ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተበየደው ብቻ ነው ስሕተቱ።»

ሂሻም ለይላን አየ፣ አባቷን አየ። «ይህችን ልጅ ከየት አመጣሃት?» አለው።

«አላህ ሰጠኝ» አለ ሙሐመድዘይን። ካርቶኑን ብብቱ ሥር አድርጎ ቶሎ ወጣ፤ ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ነበርና።

ማክሰኞና ረቡዕ ሠሩ። ከመግጠማቸው በፊት ሙሐመድዘይን የበሩን ነገር በደንብ ፈተነው። በሩን የሚከፍተው ቆርቆሮ ጣሳ የመሰለ ነገር ነው፤ ውስጡ ላስቲክና ሞላ አለው፣ ከውስጡም አንድ ዘንግ ወጥቶ በሩን ይገፋል። ከኮምፕሬሰሩ አየር ቀስ እያደረጉ ሲሰጡት ለይላ መለኪያውን ጮክ ብላ ታነባለች፣ አባቷ ጣቱን ዘንጉ ላይ አድርጎ የሚንቀሳቀስበትን ቅጽበት ይጠብቃል። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ማኑዋሉ በሚለው ልክ ላይ ተከፈተ። ለአያሌው መኪና የተፈቀደው ግፊትም ያው ነበር። የዘይት ቱቦውንም ፈትቶ አጠበ፤ የገባው አዲስ ዕቃ በአሮጌ ቆሻሻ እንዳይሞት።

አያሌው ይህን ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ።

«ጋሽ ሙሐመድዘይን፣ ያቺ ዘንጉ ላይ ያለችው ማጥበቂያ ዳዶ ትንሽ ጠበቅ ብትደረግ ጉልበት ትጨምራለች ይባላል። ሐሙስ እንደዚያ ያለ ቀን ስለሆነ ብዬ ነው እንጂ።»

ሙሐመድዘይን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ፈተናው ለሱም ነበር። ሐሙስ መኪናዋ ብትቆም ስሙ ከዲልብ እስከ መርሳ የሚወራበት ነው፤ አንዲት ዳዶ ሁለት ዙር ብታዞር ደግሞ ማንም አያይም።

«እናንተ አገር አየሩ ስስ ነው አይደል?» አለው። «ቆላ የኖረ ሰው እዚያ ሲወጣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይህም እንደዚያው ነው፤ ከፍታው ላይ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ከዚህ ይልቅ በፍጥነት ይዞራል። ልኩ ላይ ሆኖም እንኳ እዚያ ይበልጥ ይደክማል። እኔ ካጠበቅኩት ለሐሙስ ያወጣህና ለመስከረም ይሰበርብሃል። አማና የሰጠኸኝን መኪና እንደዚያ አላደርግም።»

አያሌው ራሱን ነቀነቀ። ዳዶዋ ባለችበት ቀረች።

ሐሙስ ጠዋት ሲሪንቃ ላይ የስንዴ ዘሩ ተጫነ። ሙሐመድዘይን ጋቢና ገባ፣ ለይላ መለኪያውን ይዛ መካከል ላይ ተቀመጠች። «ቢስሚላህ» አለ ሙሐመድዘይን። አያሌው ደግሞ አማተበና ማርሽ አስገባ። ወልድያን አለፉ፤ ሳንቃን አለፉ። ዳገቱ ጀመረ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ዙሩ ወረደ። አያሌው ሲረግጥ መርፌዋ እንደ ተጠራ ሰው ብድግ አለች። ከልኩ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ አላለፈችም።

«በሩ ተከፈተ» አለች ለይላ።

«ተከፈተ» አለ አባቷ በሹክሹክታ።

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው መታጠፊያ እንዲሁ አለፈ። አያሌው ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደሆነ ነው፤ አንደኛ አላስፈለገውም። ጭስ ቢኖር ስስ ነው። የሙቀት መለኪያው አልተነቃነቀም። አያሌው ማፏጨት ጀመረ፤ ከዚያ ደግሞ ፈራ መሰለኝ ተወው።

ትልቁ መታጠፊያ ላይ መንገድ ሠራተኞች የተናደ ድንጋይ እያነሡ ነበር። ግማሹ መንገድ ተዘግቷል። ቀይ ጨርቅ የያዘች ሴት ከፊታቸው ቆማ እጇን ዘረጋች። ባለፈው መኪናዋ ጭራሽ የቆመችበት ቦታ ነው።

አያሌው መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «እቱ፣ ሌላ ቦታ አጥተሽ እዚህ ላይ ነው የምታቆሚን? ሙሉ ጭነት ነው እኮ።»

«አውቅሃለሁ» አለችው ሴቲቱ። «ባለፈው ከጎማህ ሥር ድንጋይ ያስገባሁልህ እኔ አይደለሁ? ዛሬም ድንጋይ ሞልቷል፤ አታስብ።»

«ዛሬ አያስፈልገኝም።»

«እናያለን።»

አሥር ደቂቃ ያህል ቆሙ። አሥር ደቂቃ ለሦስቱም ረጅም ነበር። ከቆመበት ቦታ፣ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ፣ አፍንጫውን ወደ ሰማይ አድርጎ የሚነሣ መኪና ከሁሉ የባሰ ፈተና ነው፤ ምንም የሚረዳ ዙር የለም። ሙሐመድዘይን ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የትኛውን የቁርኣን አንቀጽ እንደሚቀራ ለይላ ታውቃለች። እጇን በእጁ ላይ አደረገች።

ቀዩ ጨርቅ ወረደ። አያሌው ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ለቀቀ። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ የምትል መሰለች፤ መርፌዋ ግን ወዲያውኑ ተነሣች። ጎማው ጠጠሩን ቆርጥሞ ያዘ። ወጡ። ሴቲቱ ጨርቋን በትከሻዋ ላይ ጥላ በመገረም ስታያቸው፣ አያሌው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ድንጋዩን ለሌላ አስቀምጭው» አላት።

ሙሐመድዘይን አልሳቀም። አንገቱን አዘንብሎ ሞተሩን ይሰማ ነበር፤ ሕፃን ልጁ ቁርኣን ሲቀራ እንደሚሰማ አባት። ውስጡ ግን በትልቅ ኩራት ተሞልቶ ነበር። እንደዚህ ያለ ኩራት ኃጢአት እንዳይሆንበት ፈርቶ ደጋግሞ አመሰገነ። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው፣ በጠዋት ጠዋት አንድ ገጽ ያነበበ ሰው፣ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የስንዴ ዘር ወደ ደጋ ሲያወጣ። ለእንዲህ ያለ ቀን ነበር ያ ሁሉ ማንበብ።

እኩለ ቀን ሳይሆን የአያሌው መንደር ደረሱ። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር፤ ወዲያው ጆንያውን ማውረድ ጀመሩ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሮ ካየ በኋላ ለአያሌው «ሁለተኛውን ጭነት ለሰኞ አድርገው» አለው። ሌላ መኪና የሚል ቃል አልተነሣም። አያሌው ሙሐመድዘይንን እጁን ይዞ እየሳበ በሰው ፊት አቆመው።

«ያወጣችን ይህ ሰው ነው» አለ። «የመርሳ ሰው ነው፤ ቆለኛ። መጀመሪያ ተሳስቶ ነበር፤ ተሳስቻለሁ ብሎ ነው ያስተካከለው። ይህች ደግሞ ልጁ ናት፤ እሷም መካኒክ ናት።»

አንድ ገበሬ ጆንያ እንደተሸከመ ለይላን ከላይ እስከ ታች አያት። «መኪናውንም ያወጣ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ያሳደገም ሰው ነው በለኛ» አለ።

እኩለ ቀን አልፎ የዙህር ሰላት ሰዓት ደረሰ። ሙሐመድዘይን ውሃ ፍለጋ ዓይኑን ሲያዞር፣ የአያሌው እናት ወይዘሮ እልፍነሽ ከግቢያቸው ጀሪካን ይዘው ወጡ። ሽበታቸውን በሻሽ ያሰሩ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ አሮጊት ናቸው።

«ለሰላት አይደል?» አሉት። «ከዚያች ወይራ ሥር ንጹሕ ነው። ከቆላ የሚመጡት ነጋዴዎችም እዚያው ነው የሚሰግዱ። በዚያ በኩል ነው የሚዞሩ።»

«አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ።»

«ምን አደረግሁና?» አሉ ውሃውን እያንቆረቆሩለት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው ተቆጡ። «አንተ፣ በምን መጣህ? ለምንስ ሳትነግረኝ መጣህ?»

«በመኪናዬ ነዋ፣ እማ።»

«ዋሸህ። ያንተን መኪና አላውቃትም እንዴ? ስትመጣ ከታች ጀምሮ እሰማታለሁ። እዚያ ከትልቁ መታጠፊያ ላይ ስታቃስት እኔም አብሬ አቃስታለሁ፣ ወጥቼ ከደጅ ላይ ቆሜ እጸልያለሁ፤ አራት ዓመት እንደዚያ ነው። ዛሬ መኪና ሰማሁ፤ ሳታቃስት አለፈች። የሌላ ሰው ናት ብዬ ከቤቴ አልወጣሁም።»

ሙሐመድዘይን እጁን ታጥቦ ነበር፤ ውሃው በክርኑ ላይ እየወረደ ቆሞ ቀረ። ሰው ስለ ሥራው በሕይወቱ ብዙ ነገር ብሎታል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ያለው የለም።

«ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ ጆሮዎ ይረፍ፣ እማማ።»

ከዚያ ወደ ወይራው ሥር ሄደ። ለይላ ጆንያ ከሚያወርዱት መካከል ሆና አባቷ ጎንበስ ቀና ሲል አየችው። ሱጁድ ላይ ሲደርስ ከወትሮው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ግንባሩን ከመሬት ሳያነሣ ቆየ።